ከዘውድ ወደ ሰው ፊት፤ ስለ ኪንግ ካውንቲ አርማ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ትርጕም ሙያ አንድ ነገር እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ሰዋስው ወይም ስለ አዳዲስ ቃላት ስያሜ እናገራለሁ ብለው ጠብቀው እንደ ነበር እገምታለሁ። እኔ ግን የመረጥሁት ከወረቀቱ ራስጌ ላይ የምትገኘውን፣ ተርጓሚው ብዙውን ጊዜ አይቶ የሚያልፋትን ትንሽ ሥዕል ነው። ምክንያቴም የሚከተለው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከካውንቲው የቤት ግብር መሥሪያ ቤት የተጻፉላቸውን ሁለት ደብዳቤዎች ይዘው መጡ። አንደኛው በ1990ዎቹ የተጻፈ፣ ወረቀቱ ቢጫ እየመሰለ የሄደ ነው፤ ሁለተኛው አዲስ ነው። እኔ ስለ ግብሩ መጠን ሊጠይቁኝ ነው ብዬ መነጽሬን ሳስተካክል፣ እሳቸው ጣታቸውን በሁለቱ ወረቀቶች ራስጌ ላይ እያስቀመጡ፣ «ልጄ፣ በዚኛው ላይ ዘውድ ነበረ፤ በዚህ ላይ ደግሞ የሰው ፊት ነው ያለው። ንጉሡ ወረዱ እንዴ?» አሉኝ። ሳቄ መጣ። «እማማ፣ ይህ አገር ነጻ ከወጣ ወዲህ ንጉሥ ኖሮት አያውቅም» ብዬ መለስሁላቸው። «ታዲያ ዘውዱ የማን ነበር?» አሉኝ። በዚህ ጊዜ ሳቄ ቆመ፤ ባጭሩ የምመልሰው ነገር አልነበረኝምና። ዛሬ የማቀርበው ንግግር ለእኒያ እናት የዘገየ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ጥያቄያቸው የየዋህ ጥያቄ እንዳልሆነ ግን አስቀድሜ ልናገር። በአገራችን የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም የሚያርፈው እንደ ፈረንጆቹ ከደብዳቤው ግርጌ ሳይሆን ከራስጌው ላይ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክን ደብዳቤ ያየ ሁሉ ከሰላምታው በፊት የሚያገኘው አንበሳውንና በዙሪያው «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውን ጽሕፈት ነው። ማኅተሙን የሚጠብቀው ጸሐፌ ትእዛዝ ከሹማምንት ሁሉ ለዙፋኑ የቀረበ ሰው ነበር። ስለዚህ ወረቀት ሲመጣ ቃሉን ከማንበብ በፊት ራስጌውን ማየት፣ «ማነው የሚናገረኝ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከጥንት የወረስነው የማንበብ ልማድ ነው። ከዚህም በላይ የእኒያ እናት ትውልድ በዐይኑ ያየው ነገር አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ፣ በሰንደቅ ዓላማው ላይ የነበረው አንበሳ ወዲያው አልተነሣም፤ መጀመሪያ የተነሣው ከራሱ ላይ ዘውዱ ነው። አንበሳው ባዶ ራሱን ቆሞ ጥቂት ጊዜ ከረመ። ይህን ያየ ሰው ዘውድ ከወረቀት ላይ ሲጠፋ «መንግሥት ተለወጠ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስቅ ነገር የለውም።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ ስለ አገራችን ካልተናገርሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አሳስባለሁ።

አብዛኞቻችን የምንኖርበትና የምንሠራበት ኪንግ ካውንቲ፣ ሲያትልን በውስጡ የያዘው ማለቴ ነው፣ የተቈረቈረው ዲሴምበር 22 ቀን 1852 ነው። በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን የሚባል ግዛት ገና አልነበረም፤ አገሩ የኦሪገን ግዛት ክፍል ነበር። የዋሽንግተን ግዛት የተለየው በሚቀጥለው ዓመት በማርች 2 ቀን 1853 ስለሆነ፣ ካውንቲው ከግዛቱ በሁለት ወር ከጥቂት ቀን ይበልጣል። ነጮቹ ሰፋሪዎች በአልካይ ዳርቻ ከመርከብ ከወረዱ ገና አንድ ዓመት ከአንድ ወር አልፏቸው ነበር። የኦሪገን ሕግ አውጪ ምክር ቤት በዚያው ቀን ጎረቤት ካውንቲም አቋቍሟል፤ ከወር በፊት ለተመረጡት ለፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ፒርስ ክብር ፒርስ ካውንቲ አለው። የእኛውን ደግሞ ከፒርስ ጋር ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው በተመረጡት በዊልያም ሩፈስ ኪንግ ስም ሰየመው። ሩቅ ያለ ትንሽ ሰፈር በዋናው ከተማ ያሉትን አዳዲስ ሹማምንት ለማስደሰት ያደረገው ነገር ነው፤ ከእጅ መንሻ ብዙም አይለይም።

ዊልያም ሩፈስ ኪንግ ማን ነበሩ? በ1786 በሰሜን ካሮላይና ተወለዱ፤ አላባማ ክፍለ አገር ስትሆን በ1819 ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴናተሮች አንዱ ሆኑ፤ በ1840ዎቹ በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ ሆነው አገለገሉ። በአላባማ ሰፊ የጥጥ እርሻና ብዙ ባሮች የነበሯቸው ባለ ርስት ናቸው። ለምክትል ፕሬዚዳንትነት በተመረጡ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ጸንቶባቸው ስለ ነበር አየሩ ይስማማቸው ዘንድ ወደ ኩባ ሄዱ። ወደ ዋሽንግተን ከተማ ለመመለስ ስላልቻሉ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ልዩ ሕግ አውጥቶ ማርች 24 ቀን 1853 እዚያው ኩባ፣ በማታንሳስ አጠገብ ቃለ መሐላ እንዲፈጽሙ አደረገ። ከዚያ ወደ እርሻቸው ተመለሱና ኤፕሪል 18 ቀን አረፉ። የሹመታቸውን ሥራ አንድ ቀን እንኳ ሳይሠሩ፣ በስማቸው የተጠራውንም አገር ሳያዩ ማለት ነው።

እንግዲህ ካውንቲው ከ130 ዓመት በላይ የያዘው ስም የእኒህ ሰው ነበር። ይሁንና ስሙ በቈየ መጠን ሰውየው ተረሱ። «ኪንግ» የሚለው የቤተሰብ ስም ትርጕሙ ንጉሥ ነውና፣ ካውንቲው አርማ ባስፈለገው ጊዜ የባለ ስሙን ፊት ወይም ሥራ ሳይሆን ዘውድ አሣለ። በአውሮፓ የአርማ ጥበብ ይህን ዓይነት ነገር፣ ማለት ስምን በሥዕል መፍታትን፣ የጥንት መኳንንትም ያደርጉት ነበር። በእኛ ቋንቋ ልግለጸው ካላችሁ፣ ሰም ብቻ ያለው ቅኔ ነው። ሰሙ ንጉሥ ነው፤ ወርቁን ብትፈልጉ ግን የምታገኙት የአላባማ ባለ ባሪያ ነው፤ እሱንም ማንም አላስታወሰውም። ንጉሥን አልቀበልም ብሎ ተዋግቶ በተመሠረተ አገር የሕዝብ አስተዳደር ወረቀት ላይ ዘውድ ማተም እንግዳ ነገር መሆኑን ያነሣ ሰው ቢኖርም ድምፁ ጐልቶ አልተሰማም። እኒያ እናት ያነሡት ግን ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ኪንግ እንመጣለን። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በሕይወት ዘመናቸው ሲያትልን የጐበኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በኖቬምበር 1961። የጋበዟቸው ከኮሌጅ ጀምሮ የሚያውቋቸው የማውንት ዛየን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሬቨረንድ ሳሙኤል መኪኒ ነበሩ። ለንግግሩ አዳራሹን ለማከራየት ተስማምቶ የነበረ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን በመጨረሻ ሰዓት ሐሳቡን ስለ ለወጠ፣ ጉባኤው ወደ ኢግልስ አዳራሽ መዛወር ግድ ሆነበት። ዶክተር ኪንግ በዩኒቨርሲቲው፣ በጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በአይሁድ ቤተ ጸሎትም ተናገሩ። ከዚያ በኋላ አልተመለሱም፤ በኤፕሪል 4 ቀን 1968 በሜምፊስ ተገደሉ።

በሁለቱ ኪንጎች መካከል የስም መገጣጠም ብቻ ነው ያለው እንዳትሉኝ አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ባገኘሁበት ቀን ሌላ ሥራ ለመሥራት አልቻልሁም ነበር። በአላባማ ያለችውን የሴልማን ከተማ ከቈረቈሩት ሰዎች አንዱ ዊልያም ሩፈስ ኪንግ ናቸው፤ «ሴልማ» የሚለውንም ስም ከኦሲያን ግጥሞች ወስደው ያወጡላት እሳቸው ናቸው። መቃብራቸውም እዚያው ሴልማ ነው። በማርች 1965 ለምርጫ መብት የተነሡት ጥቍሮች በድልድዩ ላይ በፖሊስ የተደበደቡባት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ዶክተር ኪንግ በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ መርተው ወደ ሞንትጎመሪ የተነሡባት ከተማ ይህችው ናት። በዚያው ዓመት በኦገስት የምርጫ መብት ሕግ ወጣ። አንደኛው ኪንግ ስም አወጣላት፤ ያንን ስም ዓለም እንዲያውቀው ያደረገው ግን ሁለተኛው ነው። ሲያትል ላይ የሆነው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነገር ቢሆንም መልኩ ያው ነው።

በጃንዋሪ 1986 የዶክተር ኪንግ ልደት ለመጀመሪያ ጊዜ የአገር በዓል ሆኖ ተከበረ። አንድ ወር ካለፈ በኋላ፣ ፌብርዋሪ 24 ቀን፣ በካውንቲው ምክር ቤት ውስጥ የነበሩት ሮን ሲምስና ብሩስ ሌይንግ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ሲምስ ለዚያ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያው ጥቍር አሜሪካዊ ሲሆኑ ዴሞክራት ናቸው፤ ሌይንግ ሪፐብሊካን ናቸው። ሐሳቡ ካውንቲው ከእንግዲህ የሚጠራው በዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ስም ይሁን የሚል ነው። ከዘጠኙ አባላት አምስቱ ደገፉ፤ አራቱ ተቃወሙ። በአንድ ድምፅ ብልጫ የአንድ ትልቅ አገር ስም ተለወጠ፤ ሆኖም ከፊደሉ አንዲት ሆሄ እንኳ አልተነካችም። የመንገድ ምልክት፣ የቤት ካርታ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ እንዳለ ቀረ። የተለወጠው ስሙ ሳይሆን የስሙ ባለቤት ነው። በስም አወጣጥ ታሪክ ይህን የመሰለ ነገር ጥቂት ነው፤ የእኛ ሊቃውንት ቢያዩት ኅብረ ቃል ይሉት ነበር።

ነገር ግን እዚህ ላይ የሕግ እንቅፋት ነበር። በዋሽንግተን ካውንቲዎች የተቋቋሙት በክፍለ አገሩ ሕግ ስለሆነ፣ የካውንቲ ምክር ቤት የራሱን ስያሜ በራሱ ውሳኔ ሊለውጥ አይችልም የሚል ክርክር ተነሣ። ስለዚህ ካውንቲው ከ1986 ጀምሮ ራሱን በዶክተር ኪንግ ስም ሲጠራ፣ ክፍለ አገሩ ግን በሕጉ ዘንድ የሚያውቀው የአላባማውን ሰው ነበር። ይህ አለመግባባት 19 ዓመት ቈየ። በመጨረሻም የክፍለ አገሩ ምክር ቤት ሕግ አውጥቶ፣ አገረ ገዥ ክሪስቲን ግሬግዋር ኤፕሪል 19 ቀን 2005 ፈረሙበት፤ ከጁላይ 24 ቀን ጀምሮም ጸና።

በእነዚህ 19 ዓመታት ውስጥ ዘውዱ በየደብዳቤው፣ በየመኪናው ላይ እንዳለ ነበር። ስሙ ለሰባኪው ከተሰጠ በኋላ የቀረው ዘውድ ይባስ ትርጕም አጣ። ለማርቲን ሉተር ኪንግ ዘውድ መድፋት ሙገሳ ነው የሚሉ እንደ ነበሩ አይጠፋኝም፤ ነገር ግን ለቈሻሻ ጠራጊዎች የደመወዝ መብት ሊቆሙ ሄደው ለሞቱ ሰው የሚስማማ ጌጥ አይመስለኝም። አርማው እንዲለወጥ ለረጅም ጊዜ የወተወቱት የምክር ቤቱ አባል ላሪ ጎሴት ናቸው። እሳቸው በ1968 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጥቍር ተማሪዎችን ማኅበር ካቋቋሙት መካከል ነበሩ። ምክር ቤቱ ፌብርዋሪ 27 ቀን 2006 የአርማውን ለውጥ አጸደቀ፤ አዲሱም አርማ በማርች 2007 ለሕዝብ ታየ። የሣለው የሲያትሉ ሠዓሊ ቶኒ ጌብል ነው። ሥዕሉ በአንድ ቀለም የተሠራ የዶክተር ኪንግ ፊት ነው፤ ጽሕፈት አልከበበውም፤ ጋሻ፣ ኮከብ፣ የስንዴ ዘለላ የለውም።

የሥዕሉ ጥንካሬ ይኸው ነው፤ ክብደቱም ይኸው ነው። ዘውድ ለማንም ኃላፊነት የለበትም፤ ፊት ግን ያያል። ዛሬ ይህ ፊት በከተማው አውቶቡሶች ላይ፣ በምርጫ ወረቀት ፖስታ ላይ፣ በጤና ጥበቃ ማስታወቂያ ላይ፣ በቤት ግብር ማስጠንቀቂያ ላይ ይገኛል። ካውንቲው ወኅኒ ቤትም ያስተዳድራል፤ ከወኅኒ ቤቱ የሚወጣው ወረቀትም ይህንኑ ፊት ይዞ ይወጣል። በ1963 ከበርሚንግሃም እስር ቤት ደብዳቤ የጻፈ ሰው ፊት በእስረኞች ወረቀት ራስጌ ላይ ሲገኝ፣ ያንን ወረቀት ለቤተሰብ የሚያነብ ተርጓሚ እጁ ትንሽ ሳይከብደው አይቀርም። እኔን ከብዶኛል። አርማው ስሕተት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ይልቁንም ለማፈር የሚያስገድድ አርማ ከማያስገድደው ይሻላል ባይ ነኝ።

በዚህ ክፍለ አገር አንድ ወረቀት ስንተረጕም ሦስት ፊቶች ሊገጥሙን እንደሚችሉ ልብ ብላችኋል? የክፍለ አገሩ ማኅተም የጆርጅ ዋሽንግተንን ፊት ይዟል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ በ1889 ዓ.ም. ለማኅተሙ ብዙ ጌጥ ያለበት ንድፍ ቀርቦ ሳለ፣ ቻርልስ ታልኮት የሚባል የኦሊምፒያ ወርቅ ሠሪ የቀለም ብልቃጡን ግርጌና አንድ የብር ዶላር እንደ መለኪያ ይዞ ሁለት ክብ አሰመረና በመካከሉ የዋሽንግተን ሥዕል ያለበትን ቴምብር ለጠፈበት ይባላል። የሲያትል ከተማ ማኅተም ደግሞ በ1937 የጸደቀ ሲሆን፣ ከተማይቱ ስሟን የወረሰችውን የዱዋሚሽ ሕዝብ አለቃ ሲያትልን በጐን ያሳያል፤ የቀረጸው ጄምስ ዌን ነው። እንግዲህ በአንዱ ማኅተም ባለ ባሪያ፣ በአንዱ መሬቱን የተወሰደበት ሕዝብ አለቃ፣ በአንዱ የባሮች ልጅ ልጅ። ዊልያም ሩፈስ ኪንግ ባሮች ስለ ነበሯቸው ስማቸው ከተነሣ፣ ጆርጅ ዋሽንግተንስ ለምን ቀሩ የሚል ሰው ክርክሩ ተራ አይደለም። በበኩሌ መልሱ በስሙ ባለቤት ሥራ ሚዛን ላይ ነው እላለሁ፤ ሰውየው በባሪያ ጌትነታቸው ላይ ለዚህ አገር ያደረጉት ሌላ ነገር ስላልነበረ፣ ስሙን ለመንጠቅ ቀላል ሆነ። ጎረቤታችን ፒርስ ካውንቲ ግን የዚያኑ ምርጫ ሌላኛውን ስም እስከ ዛሬ ይዞ ይኖራል።

ስለ እኛ ማኅበረሰብ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ተማሪም ስደተኛም ሆነን ወደዚህ ካውንቲ የመጣን ብዙ ነን። ቀድሞ «ኢምፓየር ዌይ»፣ በአማርኛ የንጉሠ ነገሥት ግዛት መንገድ ልንለው የምንችለው ጐዳና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የማርቲን ሉተር ኪንግን ስም ካገኘ በኋላ፣ በዚያ ጐዳና ላይ የአገራችን ሰዎች ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተዋል። ካውንቲው ማስታወቂያዎቹን ከሚያስተረጕምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ያንን ሥራ ከምንሠራው መካከል ብዙዎቹ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል።

አሁን ወደ ሙያው ልመለስና ያስቸገረኝን ነገር ላቅርብ። ሦስት ነገር አለን፤ ማኅተም፣ አርማና ቲተር። በአገራችን መሥሪያ ቤት ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ወረቀት አይደለም። እዚህ ግን ከካውንቲው የሚወጣው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ አርማ እንጂ ማኅተም የለበትም፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የሚያረጋግጠው ግልባጭ ላይ ማኅተም ሊኖር ይችላል፤ በብረት የተጫነው ደረቅ ማኅተም ደግሞ በፎቶ ኮፒ ላይ ጨርሶ አይታይም። አንዳንድ ባልደረቦቻችን ሦስቱንም «ማኅተም» ብለው ይተረጕማሉ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚመለከተው ሹም «ማኅተም አለው ተብሏል፤ የታለ?» ይላል። ሌሎች ደግሞ ደረቁን ማኅተም ሳያዩት ያልፉታል፤ ያም ባለጉዳዩን ያጕላላል። ስለዚህ አርማውን «አርማ»፣ ማኅተሙን «ማኅተም»፣ የተጫነውን «ደረቅ ማኅተም»፣ ስምና ሹመት ብቻ ያለበትን «ቲተር» ብለን በቅንፍ እንጻፍ።

ሁለተኛው ነገር ዘመን ነው። ከ2007 በፊት የተጻፈ ወረቀት ሲመጣ በቅንፍ ውስጥ «የካውንቲው አርማ፤ ዘውድ» መባል አለበት፤ ከዚያ ወዲህ ያለው «የካውንቲው አርማ፤ የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ፊት»። አንድ ባልደረባችን አሮጌውን ወረቀት በአዲሱ አርማ አስጊጦ ሲያትም አይቻለሁ፤ ለማሳመር ብሎ እንጂ በክፋት አይደለም። ይህ ግን በ1995 የተጻፈን ደብዳቤ በ1995 ባልነበረ ፊት ማስመስከር ነው። ዘውዱን ብንጠላውም፣ በነበረበት ወረቀት ላይ እንዲኖር መተው አለብን።

ስለ ስሙም እንዲሁ። «ኪንግ» የሰው ስም ስለሆነ «የንጉሥ አውራጃ» ተብሎ ሊተረጐም አይገባውም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የትርጕም ወረቀት ላይ ይህን አንብቤያለሁ። «ኪንግ ካውንቲ» ብለን እንተወው። ማብራሪያ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ከ2005 በኋላ ለተጻፈው የዶክተር ኪንግን ስም በግርጌ ማስታወሻ መጥቀስ ይቻላል፤ ከ1986 በፊት ለተጻፈው ግን አይቻልም፤ በመካከሉ ላሉት 19 ዓመታት ዝም ማለት ይሻላል። ሁለት ሕጋዊ አካላት በተለያየ መንገድ ሲናገሩ ተርጓሚው ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ለእኒያ እናት በመጨረሻ ያልኋቸው እንዲህ ነው፤ «ዘውዱ የማንም አልነበረም፣ እማማ። ፊቱ የማን እንደሆነ ግን ያውቃሉ።» ጠጋ ብለው አዩትና አወቁት፤ በልጅነታቸው አዲስ አበባ በጋዜጣ አይተውት ነበር። ከዚያ ደብዳቤውን ሰጡኝና ስለ ግብሩ ጠየቁኝ።